ፊት የሌለው ሰዓት

ሰዓት ሲባል አብዛኞቻችን በአሳባችን የምንስለው ፊቱን ነው፤ ዐሥራ ሁለት ቁጥሮች የተጻፉበትን ክብ ገበታና በላዩ የሚዞሩትን ዘንጎች። በእንግሊዝ አገር በስተ ምዕራብ፥ ዊልትሺር በተባለው አውራጃ፥ ካስል ኩም በምትባል ትንሽ መንደር ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ጥንታዊ ሰዓት ግን ፊት የለውም። ተሰብሮበት ወይም ጠፍቶበት አይደለም። ሠሪው ፊት አላበጀለትም፤ የመንደሩም ሰው ፊት ይኑረው አላለም። ሥራው ጊዜው ሲደርስ መዶሻውን አንሥቶ ደወሉን መምታት ብቻ ነበረ።

ይህን ሰዓት ለዛሬው ጽሑፋችን የመረጥነው ከ500 ዓመት በላይ ዕድሜ ስላለው ብቻ አይደለም። አንድ መንደር የራሱ የሆነ ሰዓት እንደ ነበረው፥ ኋላም ያንን ሰዓት እንዴት ለሌላ እንዳስረከበ፥ በዚህ በአንድ የብረት መዘውር ታሪክ ላይ በግልጥ ስለሚታይ ነው። ነገሩም፥ ወደ ፊት እንደምናሳየው፥ ከእኛ ደጅ የራቀ አይደለም።

ካስል ኩም በጠባብ ሸለቆ ውስጥ፥ በአንዲት ትንሽ ወንዝ ዳር የተቀመጠች መንደር ናት። ሕዝቧ በጥንት ዘመን የበግ ጠጉር እየፈተለና እየሸመነ ይኖር ነበረ፤ የወንዙም ውሃ የተሸመነውን ጨርቅ የሚወቅጡትን መዘውሮች ያዞር ነበረ። በ15ኛው መቶ ዓመት የመንደሩ ባለ ርስት የነበረው ሰር ጆን ፋስቶልፍ በፈረንሳይ ጦርነት ለሚያዘምታቸው ወታደሮች ቀይና ነጭ ጨርቅ ከዚያ ይገዛ ነበረና ሸማኔዎቹ በለጸጉ። የቤተ ክርስቲያኑ ረጅም ማማ የተሠራው በዚያ መቶ ዓመት ነው፤ (የዘመኑ ቁጥር ከዚህ በታችም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ሰዓቱም የመጣው በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሆን፥ የሠራው በዚያው አካባቢ የነበረ ቀጥቃጭ እንደ ሆነ ይነገራል። ማረሻና የፈረስ ጫማ በሚቀጠቀጥበት ምድጃ ላይ ተቀጥቅጦ የወጣ ሰዓት ነው ማለት ነው።

ለምን ፊት አልነበረውም? መልሱ ሰዓቱ ለማን እንደ ተሠራ በማሰብ ይገኛል። ሸማኔው ከመሸመኛው ላይ ዓይኑን አያነሣም፤ በግ ጠባቂውም ከኮረብታው ማዶ ሆኖ ማማውን አያይም። ደወል ግን ኮረብታ አይከለክለውም፤ ለተኛውም ለዕውሩም እኩል ይደርሳል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የመጀመሪያዎቹ የማማ ሰዓቶች ለጆሮ እንጂ ለዓይን የተሠሩ አልነበሩም። እንግሊዞች ዛሬ ሰዓትን የሚጠሩበት «ክሎክ» የሚለው ቃል ራሱ ከጥንት «ደወል» ማለት ከነበረው ቃል የወጣ ነው። በአገራችን በየደብሩ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለውን የድንጋይ ደወል ድምፅ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። ቅዳሴ ሊገባ መሆኑን ያወቅነው በጆሮአችን ነው፤ ግድግዳ ላይ አንጋጠን አይደለም።

አሁን ወደ መዘውሩ እንግባ፤ አሠራሩን ለልጆች ማስረዳት ለወላጅም ደስ ያሰኛልና በጥቂቱ እንዘርዝረው። የእንደዚህ ያለ ሰዓት አካል አራት ማዕዘን የሆነ የብረት ማቀፊያ ነው። በውስጡ ገመድ የተጠመጠመባቸው ሁለት ጥቅልል ግንዶች አሉ፤ በየገመዱም ጫፍ ከባድ ድንጋይ ይንጠለጠላል። ድንጋዩ በክብደቱ ወደ ታች ሲስብ ግንዱ ይዞራል፤ ግንዱም ጥርስ ያላቸውን መንኮራኩሮች ያዞራል። አንደኛው ጊዜውን ሲቆጥር ሁለተኛው መዶሻውን ያነሣል። ይሁን እንጂ ድንጋዩን ዝም ብለው ቢለቁት በአንድ ጊዜ ወርዶ ያልቅ ነበረ። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ከላይ፥ እንደ ቀንበር በአግድም የተሰቀለ፥ በሁለቱም ጫፍ ትንንሽ ክብደት የተንጠለጠለበት የብረት ዘንግ አለ። ይህ ዘንግ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በተወዛወዘ ቁጥር ከመንኮራኩሩ ጥርሶች አንዲቱን ብቻ ያሳልፋል፤ የቀሩትን ይዞ ያቆያል። ክብደቶቹን ወደ ጫፍ ቢያወጡአቸው ሰዓቱ ይዘገያል፤ ወደ መካከል ቢያስገቡአቸው ይፈጥናል። የጥንቱ ሰዓት ጠባቂ ጥበብ በሙሉ ይህ ነበረ ለማለት ይቻላል፤ ከዚህም ጋር ማማው ላይ እየወጣ ድንጋዮቹን በእጁ ጉልበት መልሶ መጠምጠም።

በዚያው በዊልትሺር፥ በሶልስበሪ ካቴድራል፥ የዚሁ ዓይነት ታላቅ ወንድም አለው። በ1386 በተጻፈ ሰነድ ላይ ለሰዓቱ ጠባቂ መኖሪያ ቤት መሰጠቱ ተጠቅሷል፤ ስለዚህም ብዙዎች ሰዓቱን ከዚያን ጊዜ ይቆጥሩታል። እርሱም ፊት የለውም። እስከ 1884 ድረስ አገልግሎ በሌላ ከተተካ በኋላ ተረስቶ ማማው ውስጥ ቀረ፤ በ1920ዎቹ መጨረሻ እንደ ገና ተገኘ፤ በ1956ም ያ የሚወዛወዘው አግድም ዘንግ ተመልሶ ተሠርቶለት ዛሬ በካቴድራሉ ውስጥ ይሠራል። የሚያስገርመን ግን የብረቱ ዕድሜ አይደለም። በዚያ ዘመን መሠረቱ ለጠባቂው ቤት መስጠት ነው፤ ሰዓት ያለ ሰው አንድ ቀን እንኳ እንደማያድር ሰዎቹ ዐውቀዋል።

እነዚህ ሰዓቶች ታዲያ ልክ ነበሩን? በዛሬው መለኪያ ልክ አልነበሩም። በቀን ሩብ ሰዓት ያህል መሳሳት ለእነርሱ የተለመደ ነገር ነበረ፤ ብርዱና የዘይቱ መወፈርም ይጨመርበታል። ስለዚህ የሚታረሙበት ዳኛ ያስፈልጋቸው ነበረ፤ ዳኛውም ፀሐይ ነበረች። በብዙ የእንግሊዝ አገር አብያተ ክርስቲያናት በደቡብ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ በመካከሉ ቀዳዳ ያለው፥ ዙሪያውን በመሥመር የተጫረ ክብ ምልክት ዛሬም ይታያል። በቀዳዳው እንጨት ይሰኩና ጥላው የትኛው መሥመር ላይ እንደ ወደቀ እያዩ የጸሎትን ጊዜ ያውቁ ነበረ። የእኛም አባቶች የገዛ ጥላቸውን በጫማቸው እየለኩ ሰዓት ያውቁ እንደ ነበረ፥ በየወሩ ጥላው ስንት ጫማ ሲሆን ስንት ሰዓት እንደሚሆን የሚያሳይ ሠንጠረዥም በብራና መጻሕፍት እንዳለ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ብረቱ ፀሐይን አልሻራትም፤ ተማሪዋ ሆነ።

ነገር ግን መዘውሩ አንድ ትልቅ ለውጥ ይዞ ገባ። ከእርሱ በፊት በአውሮፓም እንደ ቅዱስ ወንጌሉ ዘመን ቀኑ ከንጋት እስከ ምሽት በ12 ሰዓት ይከፈል ነበረ፤ ሦስት ሰዓት፥ ስድስት ሰዓት፥ ዘጠኝ ሰዓት እየተባለም ይጸለይ ነበረ። በካስል ኩም አገር ግን በበጋቸው የቀኑ ብርሃን 16 ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያል፤ በክረምታቸው 8 ሰዓት እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ያንኑ ቀን በ12 ሲከፍሉት የበጋው «ሰዓት» የክረምቱን እጥፍ ይሆናል። የብረት መዘውር ደግሞ ሰዓቱን በበጋ ማስረዘም፥ በክረምት ማሳጠር አይሆንለትም፤ እኩል እኩል ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ወይ መዘውሩን መተው ነበረባቸው፥ ወይ ከንጋት መቁጠርን። የተውት ከንጋት መቁጠርን ነው። ቀትርንና እኩለ ሌሊትን መነሻ አድርገው መቁጠር ጀመሩ። የአሮጌው አቆጣጠር ፍርፋሪ ግን በቋንቋቸው ውስጥ ቀርቶአል፤ ቀትርን «ኑን» ይሉታል፥ ትርጓሜውም «ዘጠነኛ» ማለት ነው። የዘጠኝ ሰዓቱ ጸሎት ቀስ በቀስ ወደ ቀትር ተጎትቶ ስሙን ይዞ መጥቶ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ መነኮሳት ረኃብ ነው የጎተተው የሚሉ አሉ። ይህን የጾመ ሰው ይፍረደው።

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ጭንቅ አልመጣም። አዲስ አበባ ላይ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣበትም ጊዜ በዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት ሙሉ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የእጅ ሰዓት ሲመጣም ከንጋት መቁጠራችንን ሳንተው በዚያው ላይ ጫንነው። የውጭ አገር ሰው «ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራሉ» እያለ ሲደነቅብን እንሰማለን፤ የገዛ አያቶቹ እንደዚሁ ይቆጥሩ እንደ ነበረ ግን የሚነግረው የለም። በባሕረ ሐሳባችንም ዕለቱ በ60 ኬክሮስ ሲከፈል 30ው ለመዓልት 30ው ለሌሊት መሰጠቱ ከዚህ ከአገራችን ሰማይ ጋር የተስማማ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠን ብለን እንለፍ። በ1656 ክርስቲያን ሀይገንስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በሰዓት ላይ ፔንዱለም አዋለ፤ ጥቂት ቆይቶም ለፔንዱለሙ የሚስማማ የተሻለ የመንኮራኩር መያዣ ተገኘ። በቀን ሩብ ሰዓት ይስት የነበረው ሰዓት ስሕተቱ ወደ ጥቂት ደቂቃዎች፥ ኋላም ከዚያ ወደሚያንስ ወረደ። የካስል ኩምም ሰዓት አግድም ዘንጉ ወጥቶለት ፔንዱለም ገባለት። በየማማው ላይ ፊት፥ በፊቱም ላይ የደቂቃ ዘንግ እየተለመደ መጣ። ደቂቃ ከዚያ በፊት የከዋክብት ቆጣሪዎች ነገር ነበረች፤ ከዚህ በኋላ ግን የሠራተኛና የአሠሪ ጠብ ምክንያት ልትሆን ቻለች።

እስከዚህ ድረስ ግን ሰዓቱ የመንደሩ ነበረ። በካስል ኩም ቀትር ሆነ የሚባለው ፀሐይ በካስል ኩም ሰማይ መካከል ስትደርስ ነው። መሬት አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል፤ መንደሪቱም ለንደን አጠገብ ካለው ከግሪኒች ወደ ምዕራብ ከ2 ዲግሪ በጥቂቱ አልፋ ትገኛለች። ስለዚህ ቀትሯ ከግሪኒች ቀትር 9 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በፈረስ ለሚሄድ ሰው 9 ደቂቃ ምንም አይደለችም። ለባቡር ግን ናት። በአንድ ሐዲድ ላይ የሚጠባበቁ ሁለት ባቡሮች በየጣቢያው ልዩ ልዩ ሰዓት ቢሄዱ የሚሆነውን ማሰብ አያስቸግርም። ከለንደን ወደ ብሪስቶል የሚሄደውን መሥመር የሚያሠራው ታላቁ የምዕራብ ባቡር ኩባንያ በኅዳር 1840 ጣቢያዎቹ ሁሉ በለንደን ሰዓት እንዲሄዱ አዘዘ። በ1841 መሥመሩ እስከ ብሪስቶል ተከፈተ፤ ለካስል ኩም ቅርብ በሆነችው በቺፕናም ከተማም ጣቢያ ተሠራ። እንግዲህ ከመንደሩ ተነሥቶ ባቡር ሊሳፈር የሚወርድ ሰው በደወሉ ሰዓት ቢታመን ባቡሩ ጥሎት ይሄድ ነበረ።

ከተሞች ቶሎ እጅ አልሰጡም። በብሪስቶል በእህል ገበያው ቤት ግንባር ላይ ያለው ሰዓት ሁለት የደቂቃ ዘንግ ተደረገለት፤ አንዱ የከተማው፥ ሌላው የለንደን፤ በመካከላቸውም 10 ደቂቃ ያህል አለ። ሰዓቱ ዛሬም እንደዚሁ ነው። ከተማው የለንደንን ሰዓት የተቀበለው በ1852 ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በ1858 በዶርቼስተር ከተማ የሆነው ነው። አንድ ክርክር ለጠዋቱ፥ በእኛ አቆጣጠር ለአራት ሰዓት ተቀጥሮ ነበረ። ዳኛው በችሎቱ ሰዓት፥ ይኸውም በግሪኒቹ፥ ልክ አራት ሲሆን ተቀመጡ፤ ተከሳሹ አልቀረበምና ፈረዱበት። የተከሳሹ ወገን ግን በከተማው ሰዓት አራት ሳይሞላ ደርሶ ነበረ። ነገሩ ወደ ላይኛው ፍርድ ቤት በይግባኝ ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም «ሰዓት ማለት የቦታው ሰዓት ነው» የሚል አቋም ይዞ ክርክሩ እንደ ገና እንዲታይ አደረገ። በሕግ ፊት ፀሐይ ባቡርን ረታች ማለት ነው። ድሏ ግን የ22 ዓመት ዕድሜ ብቻ ነበረው፤ በ1880 በወጣው ሕግ ለታላቋ ብሪታንያ በሙሉ ሕጋዊው ሰዓት የግሪኒች ሆነ።

በዚህ ነገር ላይ የእኛን ፍርድ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ሕጉ ተገቢ ነበረ እንላለን። ባለ ጉዳይ በቀጠሮው መጥቶ «ቀርተሃል» ከመባል ይድናል፤ መንገደኛም በሐዲድ ላይ ከመጋጨት ይጠበቃል። የጠፋ ነገር የለም ብለን ግን አንስማማም። ከዚያ ቀን በፊት ማንም ገበሬ ቀና ብሎ ፀሐይን አይቶ የማማው ሰዓት እንደ ተሳሳተ ለሰዓት ጠባቂው ሊነግረው ይችል ነበረ፤ ጠባቂውም አፍሮ ያርም ነበረ። ከዚያ በኋላ ግን የሰዓቱ እውነት ከሩቅ በቴሌግራፍ ሽቦ የሚመጣ ሆነ፤ ገበሬው ፀሐይን ጠቅሶ ቢከራከር የሚሳሳት እርሱ ነው። ሰማይ የሁሉ ምስክር መሆኗ ቀረ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ በአንዳንድ የእንግሊዝና የፈረንሳይ መንደሮች ሌላ ክርክር ተነሥቶአል፤ ከከተማ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች የማማው ሰዓት ሌሊት መደወሉ እንቅልፍ ነሣን እያሉ ይከሳሉ። ፈረንሳዮች በ2021 የገጠር ድምፅና ሽታ የአገር ቅርስ እንደ ሆነ የሚደነግግ ሕግ አውጥተዋል። ዶሮ ለመጮህ፥ ደወልም ለመደወል ጠበቃ አስፈለጋቸው።

የካስል ኩም ሰዓት ዛሬ ከማማው ወርዶ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰው ሁሉ በቅርብ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ቆሞአል። የመዶሻው ምት ጠባሳ በብረቱ ላይ ይታያል፤ እንግዳ የሆነ ሰው መጥቶ በመጀመሪያ የሚፈልገው ቁጥር የተጻፈበትን ፊት ነው፥ አያገኘውም።

ነገሩ ከእኛ ደጅ የራቀ አይደለም ብለን ነበርና ቃላችንን እንፈጽም። የኢትዮጵያ ሕጋዊ ሰዓት ከግሪኒች 3 ሰዓት ይቀድማል፤ ይህም የ45 ዲግሪ መሥመር ሰዓት ነው። ያ መሥመር የሚያልፈው በምሥራቅ ጫፋችን በኦጋዴን፥ በዋርዴር አጠገብ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ወደ ምዕራብ 6 ዲግሪ ከሩብ ትርቃለች፤ ስለዚህ የግድግዳችን ሰዓት ስድስት ሲል የአዲስ አበባ ፀሐይ ገና ወደ ሰማይ መካከል አልደረሰችም። በአማካይ የምትደርሰው ለስድስት ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። ለጋምቤላ ደግሞ ከ40 ደቂቃ ያልፋል። እኛም ሳናውቀው ሰዓታችንን የተበደርነው ከዋርዴር ነው፤ የዋርዴር ሰዎች ግን ይህን ውለታ የቆጠሩብን አይመስለንም።

የሚጠራጠር ልጅ በቤት ቢኖር አያምኑት፤ ይሞክር። በግቢው ደልዳላ ቦታ ላይ አንድ ቀጥ ያለ በትር ይትከል፤ በበትሩ ሥር ገመድ አሥሮ ዙሪያውን ክብ መሥመር ይሥራ። ከቀትር በፊት የበትሩ ጥላ ጫፍ እያጠረ መጥቶ መሥመሩን ሲነካ ሰዓቱን ይጻፍ፤ ከቀትር በኋላ እየረዘመ ወጥቶ መሥመሩን እንደ ገና ሲነካ ሁለተኛውን ይጻፍ። የሁለቱ መካከል የእርሱ ግቢ ቀትር ነው። ለምሳሌ መጀመሪያ የነካው ልክ በአምስት ሰዓት፥ ኋላም ለሰባት ሰዓት ከ50 ደቂቃ ቢሆን፥ መካከሉ ስድስት ሰዓት ከ25 ደቂቃ ይሆናል። ይህንንም ፀሐይ በአናት ላይ በምትቆምበት በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማለቂያ ባያደርገው ይሻላል፤ ጥላው ስለሚያጥር ያታክተዋል። ውጤቱም ከወር ወር እኩል አይሆንም፤ መሬት በምሕዋርዋ ላይ ስትጓዝ ፍጥነቷ አንድ ዓይነት ስላይደለና ዘንግዋም ያዘነበለ ስለ ሆነ ፀሐይ አንዳንዴ ትቀድማለች፥ አንዳንዴ ትዘገያለች። አዲስ አበባ ላይ በጥቅምት 24 ቀን አካባቢ የሚለካ ልጅ ቀትሩን ለስድስት ሰዓት ከ9 ደቂቃ ገደማ ያገኘዋል፤ የካቲት 4 ቀን አካባቢ የሚለካው ደግሞ ለስድስት ሰዓት ከ39 ደቂቃ ገደማ። ሁለቱንም ጊዜ ለክቶ በደብተሩ ጽፎ ያቆየ ልጅ በካስል ኩም ማማ ላይ የነበረው ሰዓት ጠባቂ ሰዓቱን ከፀሐይ ጋር ሲያስማማ ምን ያህል ይደክም እንደ ነበረ ለአባቱ ሊያስረዳው ይችላል።